መንጋጋ የሚያውቀውና የማያውቀው

ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሕፃን ስትሞት 861 ቀን ሆኗት ነበር። የሞተችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 አፋር ውስጥ አገኛት፤ ሰላም ተባለች። መጀመሪያ መንጋጋዋ በሲቲ ስካን ታይቶ፣ ድዷን ገና ያልፈነቀሉት ጥርሶቿ ምን ያህል እንዳደጉ ተመርምሮ፣ ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ገደማ ነው ተባለ። ኋላ ጥርሶቿ ፈረንሳይ አገር፣ ግሬኖብል በሚገኘው ሲንክሮትሮን፣ ከሆስፒታል ራጅ እጅግ በሚበልጥ ጨረር፣ ሳይሰነጠቁ ውስጣቸው ተነበበ። የጥርስ የውጭ ሽፋን የሆነው ኢናሜል ሲሠራ በየቀኑ አንድ ስስ መስመር ይተዋል። ተመራማሪዎቹ መስመሮቹን ቆጠሩና ውጤቱን በ2020 አሳተሙ፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ።

ይህን ሳስብ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ፊታችን ተቀምጦ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የቀዬውን ወንዝ የሚነግረን ጎረምሳ ዕድሜው ቢያጠራጥር በዚያ ጥራት ልንነግረው አንችልም። የመንጋጋ ራጅ ይነሣል፣ ባለሙያው ምስሉን ያነባል፣ በእውነት የሚመልስ ከሆነ የሚመልሰው «ከ16 እስከ 20 ባለው ውስጥ» ዓይነት ነው። ሚሊዮን ዓመታት አፈር ውስጥ የቆየችውን ልጅ በቀን ቆጠርናት፤ በሕይወት ያለውን በዓመታት ስፋት እንገምተዋለን። ምክንያቱ መሣሪያው መድከሙ ብቻ አይደለም። አካላችን ቀን የሚቆጥረው ለተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ነው።

በወተት ጥርሶቻችንና በመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርሳችን ኢናሜል ውስጥ ከሌሎቹ ጎላ ያለ አንድ መስመር አለ። የተወለድንበትን ጊዜ ያመለክታል። ከማህፀን መውጣት ለአካል ቀላል ነገር አይደለም፤ ኢናሜል የሚሠሩት ሕዋሳት ለጥቂት ጊዜ ይናወጣሉ፣ ያ መናወጥ ተጽፎ ይቀራል። የልደታችንን ምስክርነት አካላችን ራሱ የጻፈበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ጽሕፈቱ ቀን በቀን ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ራሱ፣ ኢናሜል የሚለብሰው ክፍሉ፣ ተሠርቶ የሚያልቀው በሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ተራቸውን ይዘው ይከተላሉ። የመጨረሻው፣ ብዙዎች የጥበብ ጥርስ የሚሉት ሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ፣ ራሱን ጨርሶ ሥር መስደድ ሲጀምር ልጁ ጎርምሷል። ከዚያ በኋላ ኢናሜል የሚጽፈው ነገር የለም። የተጻፈውንም ለማንበብ በተለመደው መንገድ ጥርሱን ነቅሎ እንደ ወረቀት በስሱ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ይህን በጤነኛ ልጅ ላይ የሚያደርግ የለም። ስለዚህ የምንጠይቀው የጥርሱን ሥርና የመንጋጋውን አጥንት ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ በራጅ ላይ የቀን ቁጥር አያሳዩም።

አጥንት እየጻፈ የሚሰርዝ ነው። ስንወለድ የታችኛው መንጋጋችን ሁለት ቁራጭ ነው፤ አገጭ ላይ ገጥመው የሚዋሃዱት በመጀመሪያው ዓመት ነው። ጥርስ የተሸከመው ክፍልና ወደ ጆሮ ሽቅብ የሚወጣው ክፍል የሚገናኙበት ማዕዘን በጨቅላ ልጅ በጣም የተከፈተ ነው፣ 140 ዲግሪ ገደማና ከዚያም በላይ። ልጁ ጥርስ እያበቀለ፣ እያኘከ፣ ወደ ጆሮ የሚወጣው ክፍል እየረዘመ ሲሄድ ማዕዘኑ ይጠባል፤ በጎልማሳ 120 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ጥርሶች ሲረግፉ መልሶ ይሰፋል። በአገጭ ግራና ቀኝ፣ የከንፈርና የአገጭ ስሜት ነርቭ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በሕፃን ወደ መንጋጋው የታች ጠርዝ ዝቅ ትላለች፣ በጎልማሳ መሐል ላይ ትሆናለች፣ ጥርሱን በጨረሰ ሽማግሌ ላይ ወደ ላይኛው ጠርዝ ተጠግታ ትገኛለች። በሽማግሌው ላይ ከፍ ብላ የምትታየው ተነሥታ ስለሄደች አይደለም። ጥርሶቹን ይዞ የነበረው ከላይዋ ያለው አጥንት ተበልቶ ስላለቀ ነው።

ይህን ሁሉ በዲግሪና በሚሊሜትር ለክቶ ዕድሜ መገመት ይቻላል፤ ዛሬ ከብዙ ሺህ ራጆች የተማሩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ይህንኑ ይሞክራሉ። ግን በአርባ ዓመቱ ጥርሶቹን ያጣ ሰው መንጋጋ በሰባ ዓመቱ ጥርሶቹ ሙሉ ከሆኑለት ሰው መንጋጋ የበለጠ ያረጀ መስሎ ሊታይ ይችላል። አጥንቱ አልዋሸም። የተጠየቀውን ሳይሆን የሚያውቀውን መለሰ፤ ምን እንደ በላ፣ ምን እንደ ጎደለው፣ ስንት ጊዜ ጥርስ እንደ ነቀለ። ዓመት የፀሐይና የምድር ጉዳይ ነው። መንጋጋ የሚያውቀው የራሱን መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ የሚሄደው በልጅነት ነው፣ ከዚያ በኋላ በየሰው እየራቀ ይሄዳል። የልጅ ዕድሜ ግምት ከአዋቂ ዕድሜ ግምት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ፓኖራሚክ ራጅ ሲነሣ ማየት ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ነው። ሰውየው ቆሞ አገጩን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል፣ ትንሽ ፕላስቲክ በፊት ጥርሶቹ ይነክሳል፣ ምላሱን ላንቃው ላይ እንዲለጥፍ ይነገረዋል። ማሽኑ ራሱን ይዞረዋል፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ያዳበረው ፊንላንዳዊው ዪርዮ ፓቴሮ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ምስል ከአንዱ ጆሮ ሥር እስከ ሌላው ጆሮ ሥር የተዘረጋ መንጋጋ ነው፤ ክቡ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። የፊት ጥርሶቹ፣ ሙሌቱ፣ የነርቩ ቦይ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ይታያል። የዕድሜ ባለሙያው ዓይን ግን ቶሎ ብሎ ወደ ዳር ይሄዳል፣ ወደ ታችኛው ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ።

እዚያ የሚፈለገው የሥሩ ጫፍ ነው። አርቶ ዴሚርጂያን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ ጥርስ ከጅምር እስከ ፍጻሜ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ከኤ እስከ ኤች በስምንት ፊደል ከፋፍሏል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የጉዳዩን ክብደት ያያል። በጂ ደረጃ የሥሩ ግድግዳዎች ቁልቁል እኩል ይወርዳሉ፣ ጫፋቸው ግን አልተገናኘም፤ በግድግዳዎቹ መካከል ጥቁር ክፍተት ትታያለች። በኤች ደረጃ ክፍተቷ ተዘግታለች። ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ካሜሪዬሬና ባልደረቦቹ በ2008 ይህን ወደ ቁጥር ቀየሩት። የሥሮቹ ጫፍ ክፍተት ስፋት ተደምሮ ለጥርሱ ቁመት ይካፈላል፤ ከ0.08 ካነሰ 18 ሞልቶታል ተብሎ ይገመታል። ጥርሱ በምስሉ ላይ 20 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ልጅነትና አዋቂነት የሚለዩበት ክፍተት 1.6 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ራጁ ትንሽ ቢደበዝዝ፣ አገጩ መደገፊያው ላይ ትንሽ ቢያጋድል፣ ለኪው ጠቋሚውን አንድ ነጥብ ወዲህ ቢያሳርፍ፣ መልሱ ሊዞር ይችላል። ጥርሱ ጨርሶ የሌላቸውም አሉ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከአራቱ ሦስተኛ መንጋጋ ጥርሶች ቢያንስ አንዱ አልተፈጠረለትም።

ከመለካቱ ስሕተት የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አንድን መንጋጋ አይቶ «አሥራ ሰባት» ማለት የሚቻለው ዕድሜያቸው የታወቀ የሌሎች ልጆች መንጋጋዎች አስቀድመው ስለታዩ ነው። እነዚያ ልጆች እነማን ናቸው? የዴሚርጂያን ሠንጠረዥ የተሠራው በካናዳ በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ ነው። የእጅ አንጓ ራጅ የሚነበብበት የግሩሊክና የፓይል አትላስ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ራጅ በተነሡ፣ ኑሯቸው የተደላደለ ነጭ አሜሪካውያን ልጆች ላይ ነው። የዴሚርጂያን ሠንጠረዥ ወደ ሌሎች ሕዝቦች ሲወሰድ ልጆቹን ከዕድሜያቸው በላይ አድርጎ የመገመት ዝንባሌ በተደጋጋሚ ታይቶበታል። ለዚህ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ የመጣው ከሰው ልጅ መነሻ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ደቡብ አፍሪካ፣ ታውንግ ላይ የተገኘው ሕፃን የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርሱ እየወጣ ነበር። የዛሬ ሰው ልጅ ያንን ጥርስ የሚያወጣው በስድስት ዓመቱ ስለሆነ ስድስት ዓመት ገደማ ተባለ። ቲሞቲ ብሮሜጅና ክሪስቶፈር ዲን በ1985 እንደ እሱ ያሉ የጥንት ሕፃናትን የኢናሜል መስመሮች ቆጥረው ሲመለሱ የታውንጉም ዕድሜ ወደ ሦስት ዓመት ወረደ። ጥርሱ ያው ነው። በማን ልጅ እንደተለካ ግን ዕድሜውን በእጥፍ አሳድጎት ኖሯል።

ዣን ፒየር ቦኬ-አፔልና ክሎድ ማሴ እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ጥንት መቃብሮች አጽም ሲጽፉ ይህንኑ አጥብቀው አነሱ። ማጣቀሻው ቡድን ወጣት የበዛበት ከሆነ የሚገመቱት አጽሞች ወጣት ይሆናሉ፤ ሽማግሌ ከበዛበትም ያረጃሉ፤ የተጠኚው ሕዝብ ዕድሜ ነው ብለን የምናነበው የማጣቀሻውን ሕዝብ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ከቁጥር ጉዳይ በላይ አድርጌ አነበዋለሁ። መንጋጋ ለብቻው ዕድሜ የለውም። ዕድሜ የሚኖረው ከሌሎች መንጋጋዎች አጠገብ ሲቆም ነው፣ ከማን አጠገብ እንደሚቆም የሚመርጠው ደግሞ ሠንጠረዡን የያዘው ሰው ነው።

የዚህ ሙያ መነሻ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1833 ባወጣችው የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በአብዛኛው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለች፤ 13 ዓመት ያልሞላውም የሥራ ሰዓቱ ተገደበ። ግን አገሪቱ ገና አጠቃላይ የልደት ምዝገባ አልነበራትም። ሐኪሞች ልጁን በቁመቱና በገጽታው እየገመቱ ይፈርሙ ነበር፤ ድሃ ወላጅም፣ ባለ ፋብሪካም ልጁ ትልቅ ነው ቢባል ደስ ይላቸዋል። በ1837 የጥርስ ሐኪሙ ኤድዊን ሳውንደርስ አንድ ሺህ ያህል ልጆች መርምሮ ጥርስ ከቁመት የተሻለ የዕድሜ ምስክር መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ለፓርላማ አቀረበ። ዓላማው ግልጽ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የዘጠኝ ነው ተብሎ ማሽን ሥር እንዳይገባ ማዳን። በዚያ ክርክር ውስጥ ጥርሱ የልጁ ጠበቃ ነበር።

በእኛ ዘመን ያው ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ለተቃራኒው ነው፤ ልጅ ነኝ ያለው አዋቂ እንደሆነ ለማሳየት። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 35 ሺህ የሚሆኑ ወላጅ ያልተከተላቸው ልጆች ስዊድን ገብተው ጥገኝነት ጠየቁ፤ የበዙት ከአፍጋኒስታን ነበሩ፣ ከሶማሊያና ከኤርትራም ብዙዎች ነበሩባቸው። በ2017 የአገሪቱ የፎረንሲክ ሕክምና ተቋም የጥበብ ጥርስን በራጅ፣ ጉልበትን በኤምአርአይ እያየ በሺዎች የሚቆጠሩትን መረመረ። ዘዴውን ሐኪሞችና የስታቲስቲክስ ሰዎች አጥብቀው ተቹት። ብሪታኒያ በ2022 ባወጣችው የዜግነትና የድንበር ሕግ ሳይንሳዊ የዕድሜ ምርመራን ፈቀደች፤ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ ሰው ተአማኒነቱ ላይ ሊቆጠርበት እንደሚችልም ደነገገች። የብሪታኒያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ግን ለሕክምና የማይጠቅም ራጅ ለዕድሜ ማጣሪያ መነሣቱን ለዓመታት ሲቃወም ቆይቷል። ጨረሩ ትንሽ ነው፤ እስማማለሁ። ቢሆንም የራጅ ክፍል ለሕመምተኛው ሲባል የሚገባበት ቦታ ነው፤ በራሱ ላይ ማስረጃ እንዲሰጥ የሚገባበት ሲሆን በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለው ነገር ይለወጣል።

ከዚህ ተነሥቼ ምርመራው ይቅር አልልም። አዋቂ ሰው ልጅ ነኝ ብሎ በሕፃናት ማደሪያ ቢተኛ ከጎኑ የሚተኛው የ13 ዓመት ልጅ ይጎዳል፤ ይህን የሚያስታውስ ባለሥልጣን ክፉ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ስፋቱን ማን ይሸከመው የሚለው ነው። ሕግ አንድ መስመር ያሰምራል፣ 18። መንጋጋ የሚሰጠው ስፋት ነው። ስፋቱ በመስመሩ ላይ ሲተኛ አንድ ሰው መክፈል አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ማብራሪያ ጥርጣሬ ከቀረ ልጅ ሊሆን የሚችለው ሰው እንደ ልጅ ይያዝ ብሏል፤ ኋላም ስፔን በእጅ አንጓ ራጅ ላይ ብቻ ተመርኩዛ በወሰነችባቸው ጉዳዮች ላይ የልጆቹ መብት መጣሱን ወስኗል። ይህ ትክክል ይመስለኛል። አዋቂው ለጥቂት ወራት ያላግባብ ያገኘው ጥበቃ ሊነሣ ይችላል። ልጁ ከአዋቂዎች ጋር ታስሮ ያደረባቸው ሌሊቶች ግን አይመለሱም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጥያቄው የራቀ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውን ለብቻው ያያል፤ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ያልሞላው ላይ ሞት አይፈርድም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። ቁጥሮቹ ጠንካራ ናቸው፣ የቆሙበት መሬት ግን ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ነበር። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ክስ የቀረበበት ልጅ፣ ልትዳር ነው የተባለች ተማሪ፣ ዕድሜያቸው ይገመት ተብሎ ወደ ጤና ተቋም ይላካሉ። እዚያ የሚጻፈው ወረቀት አንድ ቁጥር ብቻ ከያዘ አደገኛ ነው። «18» ብሎ ከሚፈርም ሐኪም ይልቅ «ከ15 እስከ 19» ብሎ የሚፈርመው ለዳኛው የበለጠ እውነት ነግሮታል፤ ዳኛው ቢቆጣም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በአንድ ቁጥር ምክንያት ብትዳር የቁጥሩ ስፋት በእሷ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

በስደት ደግሞ የእኛ ልጆች የሚገጥማቸው ሌላ ፈተና አለ፣ የዘመን አቆጣጠር። በ1998 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2022 አውሮፓ ገብቶ «መቼ ተወለድክ?» ሲባል «በ1998» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጸሐፊው በራሱ አቆጣጠር ካነበበው የ16 ዓመቱ ልጅ በአንድ መስመር የ24 ዓመት ሰው ይሆናል። ልብ ያለው አስተርጓሚ ከሌለ ያ ቁጥር በየመዝገቡ እየተገለበጠ ይሄዳል፤ ኋላ ላርም ሲል ዕድሜውን የሚለዋውጥ ውሸታም ይባላል። እዚህ ላይ መንጋጋው እንደ ሳውንደርስ ዘመን ጠበቃ ሊሆነው ይችላል። 17ን ከ19 መለየት ለሥሩ ጫፍ ከባድ ነው፤ 16ን ከ24 መለየት ግን ብዙ ጊዜ ይቻለዋል። የ16 ዓመት ልጅ የጥበብ ጥርሱ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ገና ያልተዘጋ ነው፣ አቆጣጠርም አያውቅም፣ ትርጉምም አያሻውም። ራጁን የሚፈራው ልጅ በዚህ ጊዜ ራጁን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ጠበቃውም ሊነግረው ይገባል።

እንዲህ ባለ ልጅ ፋይል ውስጥ ብዙ ጊዜ የትውልድ ቀን ተብሎ የሚገኘው ጃንዋሪ 1 ነው። ዓመቱ ሲያጠራጥር ቀኑም እንደማይታወቅ ተቆጥሮ የሚሰጥ ቀን ነው፤ በአሜሪካም በአውሮፓም ይህን ቀን ተሸክመው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ግን የገጠር እናት ልጇን የወለደችበትን ቀን አትረሳም። የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ እንደነበረ፣ ጤፉ ታጭዶ ገና እንዳልተወቃ፣ ክርስትናው በአርባ ቀኑ በማን አበ ልጅነት እንደተነሣ ትናገራለች። የሚያሳስታት ዓመቱ ነው፤ ከድርቁ በፊት ይሁን በኋላ፣ ታላቅ እህቱ ጡት የጣለችበት ዘመን ይሁን የሚቀጥለው። መንጋጋው ደግሞ ቀኑን ፈጽሞ አያውቅም፤ ዓመቱን ግን ከብዙ ዓመታት መካከል ወደ ጥቂቶቹ ያጠብበዋል። የሁለቱ ምስክርነት አይጋጭም፤ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይዟል። የስደተኛ ጽሕፈት ቤቶች ቅጽ ግን አንድ ሣጥን ብቻ ስላለው ሁለቱንም ጥሎ ጃንዋሪ 1ን ይጽፋል። ቅጹ ሁለት ሣጥን ይኑረው። በአንዱ ኅዳር 11 እንደ ተነገረ ይግባ፣ በሌላው ዓመቱ ከእስከ ተብሎ ስፋቱ እንዳለ ይጻፍ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ከጎኑ ይገለጽ።